«ኩሊ» ማለት ምን ማለት ነው?



መርካቶ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ያህል የቆመ ሰው «ኩሊ!» የሚለውን ጥሪ ስንት ጊዜ እንደሚሰማ እስቲ ይቁጠር። ቁም ሣጥን የገዛች እናት ትጣራለች፤ ጣቃ ጨርቅ ከመኪና የሚያስወርድ ነጋዴ ይጣራል፤ ከክፍለ ሀገር የመጣ እንግዳ እንኳ ሻንጣው ሲከብደው ይህንኑ ቃል ከከተማው ሰው ተውሶ ይጣራል። ተጠሪውም ጆንያ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ገመዱን ጠቅልሎ ይዞ ይመጣል። ስሙን የሚጠይቀው የለም። ዕቃው ከተባለበት ቦታ ሲደርስ ደግሞ ጭቅጭቅ ይነሣል። «ይኼማ ያንሳል!»፣ «ይበቃሃል!» ይባባሉና ሁለቱም ቅር እንዳላቸው ይለያያሉ።

ዛሬ ላነሣ የፈለግሁት ስለዚህ ቃል ነው። ዕለት በዕለት ከአፋችን የማይጠፋ ሆኖ ሳለ ከየት እንደ መጣና ምን ተሸክሞ እንደ መጣ የሚጠይቅ ሰው ብዙም አላየሁም። ጭቅጭቁም ቢሆን ከቃሉ ታሪክ ጋር ዝምድና ስላለው ኋላ እንደርስበታለን።

ለመሆኑ «ኩሊ» የየት አገር ቃል ነው? ጣልያን ትቶልን የሄደው የሚመስላቸው አሉ፤ ዐረብኛ ነው የሚሉም አጋጥመውኛል። ቃሉ ግን የመጣው ከህንድ ነው። በደቡብ ህንድ የሚነገረው የታሚል ቋንቋ «ኩሊ» የሚል ቃል አለው። ትርጉሙም ደመወዝ፣ የጉልበት ዋጋ፣ የቀን ሒሳብ ማለት ነው። ልብ በሉ፤ ቃሉ የሰው መጠሪያ አልነበረም። ሰውየው ቀኑን ሙሉ ሠርቶ ማታ ወደ ልጆቹ ይዞት የሚገባው ነገር ስም ነበር።

እርግጥ ነው፣ የቋንቋ ሊቃውንት በዚህ ብቻ አላቆሙም። በምዕራብ ህንድ በጉጃራት «ኮሊ» የሚባል ሕዝብ ስላለ፣ ፖርቱጋሎች በ16ኛው ክፍለ ዘመን ወደዚያ ጠረፍ ሲመላለሱ የእነዚያን ሰዎች ስም ለጉልበት ሠራተኛ ሁሉ ሰጥተውት ይሆናል የሚሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ ባሪያ ወይም አገልጋይ ማለት የሆነውን የቱርክኛ «ቁል» ያነሣሉ። የወደብ ሰው ቋንቋ ሲያቀላቅል ሥርዋጽና ሥር አይለይምና ሦስቱም ተደራርበው ሊሆን ይችላል። ቻይናዎች በበኩላቸው ድምፁን ለመጻፍ የመረጧቸው ሁለት ፊደሎች ሲነበቡ «መራራ ጉልበት» የሚል ትርጉም ይሰጣሉ። ጸሐፊው ማን እንደ ነበረ ባይታወቅም ነገሩ ገብቶታል።

እኔ በበኩሌ የታሚሉን አስቀድማለሁ። ምክንያቴም የዋጋ ስም ወደ ሠራተኛው ስም መዞሩ በሌሎች ቋንቋዎችም የታየ መሆኑ ነው። ሩቅ ሳንሄድ የምናውቀውን ዐረብኛ እንውሰድ። «አጅር» ማለት የሥራ ዋጋ ነው፤ አላህ (ሱ.ወ.) ለባሮቹ መልካም ሥራ የሚከፍላቸውም ይኸው አጅር ነው። «ኢጃራ» የቅጥርና የኪራይ ውል ነው። «አጂር» ደግሞ ተቀጣሪው ነው። ቀን ሠራተኛው የሚጠራበት ቃልና ሙእሚን በአኺራ የሚጠብቀው ነገር ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው ማለት ነው። ነቢዩላህ ሙሳ (ዐ.ሰ.) ከግብፅ ሸሽተው መድየን በደረሱ ጊዜ ከሁለቱ እኅትማማቾች አንዷ አባቷን እንዲቀጥሯቸው ስትጠይቅ የተጠቀመችበት ቃል ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። እሳቸውም ስምንት ዓመት፣ ፈቃዳቸው ከሆነም ዐሥር ሊያገለግሉ ተስማምተው ተቀጠሩ። ዘመኑም ሆነ ዋጋው ሥራው ሳይጀመር ተነግሯቸዋል።

አማርኛስ? አማርኛም ይኸው መንገድ አለው፤ መጨረሻው ግን አላማረለትም። በአማርኛው የቁርኣን ትርጉም «አጅር» የሚለው ቃል በብዙ ቦታ «ምንዳ» ተብሏል። ምንዳ የተከበረ ቃል ነው፤ ጧት ማታ በዱዓችን እናነሣዋለን። ከምንዳ የተወለደው «ምንደኛ» ግን ለገንዘብ ብቻ የሚሠራ፣ ልቡ ከሥራው የሌለ ሰው ማለት ሆኖ ቀረ። «ቅጥር» ስንል ምንም ክፋት የለውም፤ «ቅጥረኛ» ስንል ግን ስድብ ነው። በደርግ ዘመን ሬዲዮ ይሰማ የነበረ ሰው ይህ ቃል ምን ያህል ሰው እንዳስፈራ ያስታውሳል። ዋጋውን አክብረን፣ ዋጋውን የሚቀበለውን ሰው ለምን አዋረድን? ይህ ጥያቄ ለእኛ ብቻ የቀረበ አይደለም። «ኩሊ» የሚለው ቃል በዓለም ላይ የዞረው በዚሁ ጥያቄ ላይ ተጭኖ ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። እንግሊዝ በግዛቶቿ የባሪያ ሥርዓትን የሚሽረውን ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1833 ነው፤ በሥራ ላይ መዋል የጀመረው ደግሞ በተከታዩ ዓመት ነበር። ለዚህም መንግሥት 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ ከፈለ። ለማን? ለባሪያ ጌቶች! ሲገረፉ ለኖሩት አንድ ሳንቲም አልደረሳቸውም። ነፃ የወጡትም ወደ ሸንኮራ አገዳው እርሻ ተመልሰው በርካሽ ለመሥራት ፈቃደኛ አልሆኑም። ባለ እርሻዎቹ ታዲያ ዓይናቸውን ወደ ህንድ ጣሉ። በደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ጠረፍ በእንግሊዝ ጉያና እርሻ የነበረውና ከካሳው ብዙ ከወሰዱት አንዱ የሆነው ጆን ግላድስቶን (በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው የዊልያም ግላድስቶን አባት ነው) እ.ኤ.አ. በ1836 ካልካታ ላለ የንግድ ቤት ደብዳቤ ጽፎ ህንዳውያን ሠራተኞች እንዲላኩለት ጠየቀ።

ከእሱም በፊት የጀመሩ ነበሩ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2 ቀን 1834 «አትላስ» የምትባል መርከብ 36 ህንዳውያንን ይዛ ሞሪሺየስ ደረሰች። እ.ኤ.አ. ግንቦት 5 ቀን 1838 ደግሞ «ዊትቢ» እና «ሔስፐረስ» ጉያና ገቡ። ወደ ትሪኒዳድ የመጀመሪያዎቹን ሠራተኞች ያደረሰችው መርከብ እ.ኤ.አ. ግንቦት 30 ቀን 1845 ነው ወደብ የያዘችው። ስሟም «ፈትሕ አል-ረዛቅ» ነበር። አር-ረዛቅ ሲሳይ ሰጪ ከሆነው ጌታችን ስሞች አንዱ ነው። ከ200 በላይ የሚሆኑ ሰዎች ሲሳይ ፍለጋ በዚህች መርከብ ሆድ ውስጥ ውቅያኖስ አቋረጡ። ይህ አሠራር በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ እስኪቆም ድረስ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ህንዳውያን እንዲህ ተጭነዋል፤ ከእነዚህም ግማሽ ሚሊዮን ያህሉ ሞሪሺየስ የደረሱ ናቸው። መካከላቸው ብዙ ሙስሊሞች ነበሩ፤ ዛሬ በሞሪሺየስ፣ በትሪኒዳድ፣ በጉያናና በፊጂ የምናያቸው መስጊዶች አብዛኞቹ የእነሱና የልጆቻቸው ናቸው።

እነዚህ ሰዎች ባሪያ አልነበሩም፤ ውል ፈርመዋል። ባለ እርሻዎቹ ሲከሰሱ የሚያነሡት ይህንኑ ውል ነበር። ነገር ግን ውሉ ምን ዓይነት ነበር? ዘመኑ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ዓመት ነው። የሚፈርመው ሰው ማንበብ ስለማይችል በጣት አሻራ ወይም በመስቀል ምልክት ይፈርማል። «አርካቲ» የሚባለው ደላላ የሚሄድበት አገር ምን ያህል ሩቅ እንደ ሆነ አይነግረውም፤ ቢነግረውም ይዋሸዋል። ሠራተኛው ከሥራ ቢቀር ጉዳዩ የደመወዝ ክርክር መሆኑ ይቀርና ወንጀል ይሆናል፤ እስር ቤት ያስገባዋል። ያለ ወረቀት ከእርሻው ክልል ከወጣም ይያዛል። በሞሪሺየስ አንድ ቀን የቀረ ሰው የሁለት ቀን ደመወዝ ይቆረጥበት ነበር። ይህን ቅጣት «እጥፍ ቁርጥ» ብለው በግልጽ ስም ሰጥተውታል። እንግዲህ የቃሉን ትርጉም አስታውሱ። ኩሊ ማለት ደመወዝ ነበር። አሁን ግን ኩሊ የሚባለው ደመወዙን ለማግኘት የማይተማመነው ሰው ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር ላንሣ። ሌሎች «ኩሊ» ሲሏቸው እነሱ ለራሳቸው ሌላ ስም አውጥተው ነበር። ውል የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል «አግሪመንት» አፋቸው አልይዝ ስላለው «ግርሚት» አሉት፤ ራሳቸውንም «ግርሚቲያ»፣ ማለትም የውል ሰዎች ብለው ጠሩ። የፊጂ ህንዳውያን እስከ ዛሬ አያቶቻቸውን በዚህ ስም ያነሣሉ። «ግርሚቲያ» ያለ ሰው ውል የገባ፣ በአንድ ቀን የጀመረና በአንድ ቀን የሚጨርስ ሰው ነው ማለቱ ነው። በ«ኩሊ» ውስጥ ግን መጀመሪያም መጨረሻም የለም፤ ልጁም ኩሊ፣ የልጅ ልጁም ኩሊ ይባላል። የሰጪው ስምና የተቀባዩ ስም ያላቸው ልዩነት ይኸው ነው።

የቻይናዎቹን ነገር በአጭሩ ልለፈው፤ ቢዘረዘር ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል። ወደ ኩባ ብቻ ከ1847 እስከ 1874 እ.ኤ.አ. 125,000 ያህል ቻይናውያን የስምንት ዓመት ውል ተሰጥቷቸው ደርሰዋል፤ በመንገድ የሞቱት በዚህ ቁጥር ውስጥ የሉም። የቻይና መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1874 አጣሪ ቡድን ልኮ ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎችን ቃል ተቀበለ፤ ከዚያ በኋላ ንግዱ ቆመ። በሱማትራም የሆላንድ ቅኝ ገዥዎች እ.ኤ.አ. በ1880 ያወጡት ደንብ ስሙ ራሱ «የኩሊ ደንብ» ነበር፤ ውሉን ያፈረሰ ሠራተኛ በወንጀል እንዲቀጣ ይፈቅድ ነበር።

ወደ አፍሪካችን ስንመጣ ታሪኩ ይበልጥ ይቀርበናል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 16 ቀን 1860 «ትሩሮ» የምትባል መርከብ ከማድራስ 342 ሰዎችን ይዛ ደቡብ አፍሪካ ናታል ደረሰች። ከእነዚህ በኋላ በገዛ ገንዘባቸው የመጡ ነጋዴዎች ተከተሉ፤ ከነጋዴዎቹም ብዙዎቹ የጉጃራት ሙስሊሞች ነበሩ። የህንዱ መሪ ጋንዲ እ.ኤ.አ. በ1893 ወደዚያ የሄደው ለአንድ ሙስሊም ነጋዴ፣ ለዳዳ አብደላ የንግድ ቤት በጠበቃነት ሊሠራ ነው። ነጮቹ ሱፍ ለብሶ ሲያዩት «ኩሊ ጠበቃ» አሉት። ነጋዴውም «ኩሊ ነጋዴ» ነበር። ህንዳዊ ሁሉ፣ ይነግድም ይማርም፣ በዚያ አገር ኩሊ ነው።

ጋንዲ ስለ ሕይወቱ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ያስቀመጠው አንድ ነገር አለ፤ ባነበብሁ ቁጥር ይከነክነኛል። ነጋዴዎቹ ከዚህ ስም ለማምለጥ ምን አደረጉ? ሙስሊሞቹ «እኛ ዐረቦች ነን» አሉ። ፓርሲዎቹ ጸሐፊዎች «እኛ ፋርሶች ነን» አሉ። ስሙ ከእነሱ ላይ እንዲነሣ ፈለጉ እንጂ ከምድር ላይ እንዲነሣ አልፈለጉም። በሸንኮራ እርሻው ላይ ጎንበስ ብሎ የሚውለው ታሚልና ቴሉጉ ግን «ዐረብ ነኝ» የሚልበት መውጫ አልነበረውም፤ ከእነሱ ላይ የወረደው ሁሉ ለእሱ ተረፈ። ከሠራተኞቹም መካከል ከነጋዴዎቹ ጋር በአንድ ሶፍ የሚሰግዱ ነበሩ። ሰው ከስድብ ቢሸሽ አይፈረድበትም። ስድቡን ለደካማው ወንድሙ ትቶ ሲሸሽ ግን ምን እንበለው?

ከዚያም ወደ ሰሜን፣ ወደ ጎረቤታችን ወደ ኬንያ እንምጣ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ1896 እስከ 1901 ድረስ ከሞምባሳ ወደብ እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ የባቡር ሐዲድ ሲዘረጉ 32,000 ያህል ሠራተኞችን ከህንድ አስመጡ፤ አብዛኞቹ የፑንጃብ ሰዎች ሲሆኑ ብዙ ሙስሊሞችም ነበሩባቸው። 2,500 ያህሉ በበሽታ፣ በአደጋና በድካም እዚያው ሞቱ። የጻቮ አንበሶች በልተዋቸዋል የሚባሉት ታሪካቸው በመጽሐፍም በፊልምም ተነግሯል፤ በወባና በተቅማጥ ያለቁትን ግን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። አንበሳ ከወባ ይልቅ ለወሬ ይመቻል። በዚያን ጊዜ በወጡ የእንግሊዝ ጽሑፎች ውስጥ የመሐንዲሱ ስም ከነማዕረጉ ተጽፎ የሞተው ሠራተኛ «አንድ ኩሊ» እየተባለ ያልፋል።

የህንድ ሠራተኞች ዝውውር እ.ኤ.አ. በ1917 ታገደ፤ በፊጂ የቀረው ውልም እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1920 ተሰረዘ። ቃሉ ግን አልተሰረዘም። ዛሬ በደቡብ አፍሪካ፣ በትሪኒዳድና በጉያና አንድን ህንዳዊ «ኩሊ» ማለት ከባድ ስድብ ነው። በሞሪሺየስ ዋና ከተማ በፖርት ሉዊስ ሠራተኞቹ ከመርከብ የሚወርዱበት ደረጃ ድሮ «ኩሊ ጋት» ይባል ነበር፤ በኋላ «አፕራቫሲ ጋት»፣ ማለትም የስደተኞች መድረሻ ተብሎ ስሙ ተለወጠና እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

በህንድ ራሷ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቃሉ እዚያ የባቡር ጣቢያ ተሸካሚ መጠሪያ ሆኖ ኖሯል። የህንድ ፊልም ወዳጆች አሚታብ ባቻን እ.ኤ.አ. በ1983 የሠራውን «ኩሊ» የተባለ ፊልም አይረሱትም። ባለ ታሪኩ ኢቅባል የሚባል ሙስሊም ተሸካሚ ነው፤ ክንዱ ላይ ያሰረው የነሐስ ምልክት ቁጥር 786 ነው፤ ይህም በፊደል ቁጥር ሲሰላ የቢስሚላህ ድምር ነው ይባላል። (ቁጥሩን በቢስሚላህ ፋንታ መጠቀምን የሚነቅፉ ዑለማዎች መኖራቸውን አውቃለሁ፤ ያነሣሁት ለፊልሙ ያህል ነው።) ፊልሙ ቃሉን ለሦስት ሰዓት ያህል ጀግና አደረገው። ከጣቢያው ውጭ ግን ተሸካሚው ያው ተሸካሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የህንድ ምድር ባቡር ለብዙ ተሸካሚዎች ቋሚ ሥራ ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ሚኒስትሩ ከእንግዲህ «ኩሊ» መባል ቀርቶ «ሰሃያክ»፣ ረዳት ይባሉ ብሎ አስታወቀ። ከዚያ ወዲህም ተሸካሚዎቹ የሚጠይቁት የ2008ቱ እንዲደገምላቸው ነው። ስሙን አልጠሉትም፤ ነገር ግን ስም እንጀራ አይሆንም።

በእኛም አገር ስም የመለወጥ ልምድ ሞልቷል። ደርግ «ወዛደር» እና «ላብ አደር» የሚሉ ቃላት በየሰልፉ አስተጋባ፤ የሠራተኛው ወዝና ላብ በመፈክር ተወደሰ። ሥርዓቱ ሲወድቅ ቃላቱ የቀልድ መጫወቻ ሆኑ። ዛሬ በወረቀት ላይ «የቀን ሠራተኛ» እና «ጫኝና አውራጅ» እንላለን። ጥሩ ስሞች ናቸው፤ ሥራውን እንጂ ሰውየውን አይመዝኑም። «ኩሊ» ግን ከመንገድ አልጠፋም። በአዲስ አበባ ይህ ስም ለረዥም ዘመን ሠርተው ለመኖር ወደ ከተማ በመጡ የጉራጌ ተወላጆች ላይ እንደ ማላገጫ ሲለጠፍ መኖሩ የታወቀ ነው። ከእነዚያ ተሸካሚዎች ስንቶቹ ሳንቲም በሳንቲም ላይ ደርበው የመርካቶ ሱቅ ባለቤት እንደ ሆኑም የታወቀ ነው። ከነሱ ልጆች አንዳንዱ ዛሬ ከሱቁ በር ላይ ቆሞ «ኩሊ!» ብሎ ሲጣራ ስሰማ የናታል ነጋዴዎች ይታወሱኛል።

ስለ «ግርሚት» ስጽፍ ደግሞ አንድ ሌላ የኛ ቃል ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ፤ «ኮንትራት»። ልጃገረዶቻችን ወደ ዐረብ አገር ሲሄዱ «በኮንትራት ሄደች» ይባላል። ይህም የተዋስነው የውል ስም ነው። ደላላ አለ፤ የማይነበብ ወረቀት አለ፤ ፓስፖርቷን የሚይዝባት አሠሪ አለ። «ከፋላ» በሚባለው አሠራር የመኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ እጅ ስለሚሆን ደመወዝ ተከልክላ ከቤት ብትወጣ ለብዙ ዓመታት «ሁሩብ»፣ ጠፊ ተብላ ስትከሰስ ኖራለች። ከሥራ የቀረውን ግርሚቲያ እስር ቤት ካስገባው ሕግ ጋር አስተያዩት። ልዩነቱ፣ በዚህኛው አሠሪውም ሠራተኛዋም በአንድ ቂብላ የሚሰግዱ መሆናቸው ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። «ኸዳማ» የሚለው ቃልም በትርጉሙ አገልጋይ ማለት ብቻ ነበር፤ በአንዳንድ ቤት እንዴት ሆኖ እንደሚጠራ የተመለሱ እኅቶቻችንን ጠይቁ።

በዚህ ነገር ላይ ዲናችን ምን ይላል የሚል ይኖራል። ሁለት ታሪክ ብቻ ላንሣ። አንደኛው ኢማም ቡኻሪ የዘገቡት የአቡ ዘር (ረ.ዐ.) ታሪክ ነው። አቡ ዘር አንድን ሰው በእናቱ ዘር ተሳደቡ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) የጃሂልያ ጠባይ ያለብህ ሰው ነህ ሲሉ ገሠጿቸው፤ የሚያገለግሏችሁ ወንድሞቻችሁ መሆናቸውንና ከምትበሉት ልታበሏቸው፣ ከምትለብሱት ልታለብሷቸው፣ ከአቅማቸው በላይ ላትጭኗቸው፣ ከጫናችሁም ልታግዟቸው እንደሚገባ አስተማሩ። ከዚያ በኋላ አቡ ዘር የሚለብሱትን ዓይነት ልብስ ለአገልጋያቸውም አልብሰው ታይተዋል። ግሣጼው የተነሣው ከአንዲት ቃል ነበር። በሱረቱል ሑጁራትም በማይወደድ ስም መጠራራት ተከልክሏል።

ሁለተኛው ከርእሳችን ጋር ይበልጥ ይገጥማል። ይህንንም ቡኻሪ ከአቡ መስዑድ አል-አንሷሪ (ረ.ዐ.) ዘግበውታል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰደቃ ስጡ ሲሉ፣ ምንም የሌላቸው ሶሐቦች ወደ ገበያ እየወጡ በጀርባቸው ሸክም ይሸከሙና ያገኟትን አንዲት እፍኝ እህል አምጥተው ይሰጡ ነበር። በዘመናችን ቋንቋ ኩሊ ሆነው ይውሉ ነበር ማለት ነው፤ ያውም ለራሳቸው እንጀራ ሳይሆን ለሰደቃ። ሙናፊቆቹ በትንሽነቷ አሾፉባቸው፤ የሱረቱ ተውባ 79ኛው አንቀጽ የወረደው በነዚያ አሿፊዎች ላይ ነው። ሸክሙ ያላሳፈራቸውን ሰዎች እኛ በስሙ እናፍርባቸዋለን?

አንድ ቀን በዕድሜ የገፉ ተሸካሚ ዕቃ ሲያደርሱልኝ «አባባ፣ ኩሊ ሲሏችሁ ምን ይሰማችኋል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ገመዳቸውን እየጠቀለሉ «ልጄ፣ ሲጠሩኝ ምንም አይመስለኝም፤ ሲከፍሉኝ ነው የሚሰማኝ» አሉኝ። የሚከፋቸው ዋጋ ሳይቆርጥ የሚያስጭናቸው ሰው እንደ ሆነ፣ ፎቅ እንዳለው ሳይነግር አስወጥቷቸው «እንዳየሁት ይህን ያህል አይሆንም» የሚል ሰው እንደ ሆነ ጨምረው ነገሩኝ። የመርካቶው ጭቅጭቅ ከዚህ የሚመጣ ነው። ዋጋው አስቀድሞ ስለማይነገር ተሸካሚው ሲጨርስ የሚጠይቀው መብቱ መሆኑ ይቀርና ልመና ይመስላል። ከፋዩም የሰጠው ምጽዋት ይመስለዋል። ለነቢዩላህ ሙሳ (ዐ.ሰ.) ዘመኑም ዋጋውም አስቀድሞ እንደ ተነገራቸው አስታውሱ።

የፊቅህ ሊቃውንት በኢጃራ ምዕራፍ ውስጥ ሥራውም ዋጋውም የታወቀ እንዲሆን የሚጠይቁት ለዚህ ነው። በኪታቦቹ ውስጥ ተሸካሚው «ሐማል» እየተባለ በብዙ መስአላ ይነሣል፤ ነገሩን ንቀው አላለፉትም። በሐነፊ መዝሀብ ብዙ የሚቀራው የአል-መርጊናኒ «አል-ሂዳያ» ከሚያነሣቸው አንዱ እንዲህ ያለ ነው። አንድ ሰው ከኤፍራጥስ ወንዝ ዳር ትልቅ ጋን እንዲሸከምለት ሐማል ቀጠረ፤ ሐማሉ መንገድ ላይ ወደቀና ጋኑ ተሰበረ። ባለ ዕቃው ምርጫ ይሰጠዋል። ከፈለገ ጋኑ በተነሣበት ቦታ የሚያወጣውን ዋጋ ያስከፍለዋል፤ ይህን ከመረጠ የሸክም ሒሳብ አይከፍልም። ከፈለገ ደግሞ በተሰበረበት ቦታ የሚያወጣውን ዋጋ ያስከፍለዋል፤ ነገር ግን ሐማሉ ጋኑን ተሸክሞ እዚያ ድረስ ለሄደበት መንገድ ሒሳቡን ቆጥሮ ይሰጠዋል።